ጾመኛዋ መኪና

የጋሼ እድሪስን ሞት የሰማሁት በገዛ ቤቴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው። ባለቤቴ በተቀበረ በአምስተኛው ቀን ከወረታ የመጡ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ጋሼ እድሪስ የሉም። እሳቸው ለእኔ ሐዘን የሚቀሩ ሰው አልነበሩምና አማቻቸውን "ጋሼ ታመው ነው?" አልሁት። ሰውዬው አጠገቡ ያለውን አየ፤ ከዚያ አቀረቀረ። ካረፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። እኔ ያን ጊዜ የባለቤቴን አልጋ እየጠበቅሁ ስለ ነበር እንዳይነግሩኝ ተማክረው ኖሯል።

በአንድ ለቅሶ ለሁለት ሰው ማልቀስ ይከብዳል። ያን ሰሞን ያለቀስሁት ለባለቤቴ ነው። አሁን ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንድ ቀን ሁለት መስመር እየጻፍሁ፣ የጋሼ እድሪስን ተራ በማድረስ ላይ ነኝ።

ጋሼ እድሪስ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነበሩ። ጊዜው ደርግ ነው፤ ሳሙናና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገዛበት። እኔ የላቦራቶሪ ትምህርቴን ጨርሼ ባሕር ዳር የተመደብሁ አዲስ ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራችን በጣና ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞርን ተማሪዎቹ ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው መመርመር ነበር። ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር በእርዳታ የተሰጠች አንዲት መኪና ነበረች። መኪና ከማለት ቤት ማለት ይቀላል። ሁለት የሚታጠፉ አልጋዎች፣ የጋዝ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ ማይክሮስኮፔን የማስቀምጥበት ጠረጴዛ ነበራት፤ መስኮቶቿ ላይ ደግሞ አበባ ያለበት መጋረጃ። የባሕር ዳር ሰው "እልፍኟ" ይላት ነበር። ስንወጣ እኔ ከውስጥ እተኛለሁ፤ ጋሼ እድሪስና ኃላፊያችን አቶ ታደሰ የትምህርት ቤት ክፍል ተለምኖላቸው ያድራሉ።

ጋሼ እድሪስ አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ጆሯቸው ከፊታቸው የሚበልጥ የሚመስል ሰው ነበሩ። መኪና ሲበላሽ ሌላ ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ ወዲያው እጁን ይሰዳል። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይዞሯታል። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጡና ጫፉን ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አጠገባቸው የሚያወራ ሰው ካለ ሌላውን እጃቸውን ያነሡና "እስቲ ትንገረን" ይላሉ። ትንገረን የሚሉት መኪናዋን ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ አልነበረም። ሐይቁ ዳር ስንቆም ደንገል እየጠፈረ ታንኳ የሚሠራ ሰው ካዩ አጠገቡ ቁጢጥ ይላሉ። ይህ እስከ መቼ ይቆያል፣ ሲያረጅ መጀመሪያ ውኃ የሚያስገባው በየት ነው፣ አንተ እንዴት ታውቃለህ፣ ማን አስተማረህ። ሰውዬው መጀመሪያ ግብር የሚያስከፍሉት ይመስለውና ይፈራል። ትንሽ ቆይቶ ሥራውን ትቶ ያስረዳቸዋል። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በጎልማሳነታቸው በመሠረተ ትምህርት ነበርና በየመንገዱ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ስሕተት ያገኙ እንደ ሆነ መኪናዋን ቀስ አድርገው ሁለተኛ ያነቡታል።

አንድ ቀን ማይክሮስኮፔን "ልያት?" አሉኝ። የቢልሃርዚያን ትል እንቁላል አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ።

"እሾክ አላት" አሉ።

አዎ፣ በጎኗ እሾክ አላት፤ ከሌሎች የምንለያት በእሱ ነው አልኋቸው።

"እሱማ ላንቺ ነው። ለእሷ ምን ያደርግላታል?"

እንቁላሏን በፈተና ላይ ሥያታለሁ፣ ስሟን በእንግሊዝኛ ጽፌያታለሁ፤ ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አዲስ አበባ ላለው አስተማሪዬ ደብዳቤ ጻፍሁ። መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ የአንጀትን ግድግዳ ጥሳ እንድትወጣ ሳይረዳት አይቀርም፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም ይላል። ሳነብላቸው ፊታቸው በራ። "ጥሩ አስተማሪ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም አለ" አሉኝ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ጠዋት ከባሕር ዳር ወጥተን ሐሙሲት ገበያ ላይ ቆምንና እኔ ከአንዲት ሴት የኑግ ዘይት ገዛሁ። በከተማ ከቀበሌው ሱቅ ዘይት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ እኔና አቶ ታደሰ ደግሞ እንጾማለን። አቶ ታደሰ መጾሙን በመሥሪያ ቤት አያወራም፤ እልፍኟ ውስጥ ግን ሽሮውን እኔ እሠራለሁ። ዘይቱን በቢጫ ጀሪካን አስቀዳሁና ከምድጃው ሥር አስቀመጥሁት።

ወረታን አልፈን ርብ ወንዝ ላይ ስንደርስ ከመሪው በስተጀርባ አንዲት ቀይ መብራት በራች። ጋሼ እድሪስ ሳይናገሩ መኪናዋን ወደ ዳር አወጡና ሞተሩን አጠፉ። አቶ ታደሰ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ተማሪዎች ተሰልፈው እየጠበቁን ነው፣ የአውራጃው ሰዎችም መጥተዋል አለ። እውነቱን ነው፤ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሰዓትና ሪፖርት ያስፈሩታል።

"አምፖሏን ይንቀሏትና እንሂድ፣ ጋሼ እድሪስ። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሹፌር ነቅሎ ነበር የሚነዳት።"

"አቶ ታደሰ፣ የሺ በማይክሮስኮፑ እንቁላል ስታይ ማይክሮስኮፑን ትሰብረዋለች?" አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ወርደው ዞሯት። እኔም ገብቼ መብራቷን አየኋት። አፉ የረዘመ ማንቆርቆሪያ ተሥሎባታል፣ ከአፉም ጠብታ ይወርዳል። ምን ማለት ነው አልኋቸው። "ዘይት ጎደለኝ ማለቷ ነው። ፈረንጅ ዘይት በማንቆርቆሪያ ሣለ" ብለው ሳቁ። ከሥር ገብተው አዩ፤ ድንጋይ ነክቶት አንድ ቡሎን ላልቶ ዘይቱ ሲንጠባጠብ ኖሯል። አጠበቁት። ፀሐይዋን አዩ፤ ሶላታቸው ደርሷል፤ እጃቸው ጥቁር በጥቁር ነው። ወደ ርብ ሊወርዱ ሲሉ ዞር አሉና፣

"የሺ፣ ከኋላ ዘይቱን አምጪና ሦስት ጣሳ ጨምሪበት" አሉኝ።

ሞተሩን ለሌላ ሰው አስነክተው አያውቁም። ያን ቀን ለእኔ የፈቀዱት ብዙ ስለምጠይቃቸው ይመስለኛል። ደስ አለኝ። በሳቸው ቋንቋ "ከኋላ" ማለት ከውጭ በኩል ያለው የመሣሪያ ሣጥን ነው፤ የሞተሩ ዘይት ያለው እዚያ ነው፣ እሱም በቢጫ ጀሪካን። በእኔ ቋንቋ "ከኋላ" ማለት ወጥ ቤቴ ነው። ዘይት ማለት ዘይት ነው። መብራቷም ላይ ያየሁት ማንቆርቆሪያ ነው። ሦስት ጣሳ አንድ ጠብታ ሳላፈስ ጨመርሁ።

ጋሼ እድሪስ ተመለሱ፣ ሞተሩን አስነሡ። መብራቷ ጠፋች። "አየሽ፣ ጠግባለች" አሉኝና ሄድን።

ብዙ ሳንርቅ አቶ ታደሰ አፍንጫውን አንሥቶ አሸተተ። ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ እንደ ሆነ እንዳይ ላከኝ። ጠፍቷል። ሽታው ግን ይጨምራል፤ ሰው ሽንኩርት ሊያቁላላ ዘይት ያጋለ ይመስላል። በመንገድ ዳር የሚሄዱ ሴቶች ቆመው አዩን። ጋሼ እድሪስ ቆሙ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዙ፣ አሸተቱት። ከዚያ ጫፉን በጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

"የሺ" አሉኝ፤ "ይህችን መኪና ማን አጾማት?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ይህን ለሚያነብ የዛሬ ሰው ነገሩ የሚያስቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የመንግሥትን መኪና ሞተር ያቃጠለ ሰው "የኢኮኖሚ አሻጥር" ፈጸመ ይባልና ይከሰሳል። የመሥሪያ ቤታችን ሌላ ሹፌር በእንዲህ ያለ ነገር እስር ቤት ገብቶ ገና አልተፈታም ነበር። እልፍኟን ፈርመው የተረከቡት ደግሞ ጋሼ እድሪስ ናቸው። ሞተሩ እዚያው ቢነክስና ደርቆ ቢቆም የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አቶ ታደሰን ላብ አጠመቀው። አሁንም አምፖሏ ተነቅላ እንሂድ፣ ኋላ ቢጠይቁን መብራቱ አልበራም እንበል፣ ሦስታችንም አንድ ቃል እንሁን አለ። ጋሼ እድሪስ እየሰሙት አልነበረም። ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ለእኔ አስረዱኝ። የኑግ ዘይት ለጥቂት ሰዓት ብረቱን ያለሰልሳል፤ ቆይቶ ግን ይጋገርና ሙጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ከሞተሩ ተቀድቶ መውጣት አለበት። የቀረን የሞተር ዘይት ደግሞ ሦስት ሊትር ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብናፈስ ለመተካት አይበቃም። ያለን ምርጫ ቀስ እያልን ወደ ባሕር ዳር መመለስ ነው።

ተመለስን። እንደዚያ ቀን የሄደ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየጥቂቱ እንቆማለን፤ ያዳምጣሉ፣ ዘንጉን መዘው ቀለሙን ያያሉ፣ በጣታቸው መካከል ያሹታል፣ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ። ፍርሃት አላየሁባቸውም። እንዲያውም ፊታቸው ላይ ያየሁት ታንኳ ሠሪው አጠገብ ቁጢጥ ሲሉ የማየው ነው። ሐሙሲት ስንደርስ "አሁን ወፈር ብሏል። እይው" ብለው ዘንጉን ሰጡኝ። እያለቀስሁ አየሁት። እውነትም ወፈር ብሏል።

አቶ ታደሰ መዝገቡን ከትከሻቸው በላይ አንብቦ ኖሯል። "ከርብ ድልድይ አጠገብ ቀይ መብራት በራ። የሥር ቡሎን ላልቶ ነበር፤ አጠበቅሁ። ዘይት ተጨመረ። የተጨመረው የኑግ ነው" ይላል።

"ጋሼ እድሪስ፣ ራስዎን በገዛ እጅዎ እያሰሩ ነው።"

"ነገ ይህ ነገር የሚደርስበት ሌላ ሹፌር አለ። ሐሰት ብጽፍ እሱ ከምን ይማራል?"

የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ገና ፀሐይ ነበር። ጋራዥ አስገብተዋት ዘይቱ በትኩሱ ተቀዳ። መዝገቡ ግን ከዘይቱ ቀድሞ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ጋ ደረሰ። ከሥራ መውጫ በፊት ሦስታችንም ተጠራን። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "ተጨመረ" የምትለዋን ቃል በእርሳስ አክብቦባታል።

"ተጨመረ ማለት ምን ማለት ነው? ራሱ ነው የገባ?"

"እጅ ጨመረው። እጁን ያዘዝሁት እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ እድሪስ።

"የማን እጅ?"

"ዘይት ጨምሪ ብዬ አዝዣለሁ። የትኛውን ዘይት አላልሁም። ሁለቱም ዘይት ነው የሚባሉት፤ ስሕተቱ ያለው ቃሉ ላይ ነው።"

"እንግዲህ ቃሉን ነው የምናስረው?"

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩ ሲያየው ተወ። "ጨምሪ" በማለታቸው ሴት መሆኗን ተናግረዋል፤ በዚያች መኪና ውስጥ ደግሞ ሴት አንድ እኔ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ግን ወደ እኔ አልዞረም። የሚፈልገው የፈረመውን ሰው ነው። አቶ ታደሰ ሰነድ እያየ እንደ ነበርና እንዳላስተዋለ ተናገረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ጋሼ እድሪስ በቀበሌው እስር ቤት አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ገባሁና የጨመርሁት እኔ ነኝ፣ የገዛሁትም እኔ ነኝ፣ ሽሮ ልሠራበት ነበር አልሁ። በሊቀ መንበሩ ላይ ልፈርድ አልችልም፤ እሱም በላዩ ሰው ነበረበት። አንዲት ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ሽሮ ሽሮ እያለች ስታለቅስ አሻጥር ብሎ መጻፍ ሳይከብደው አልቀረም። ጋራዡም ሞተሩን ከፍቶ ምንም እንዳልሆነ፣ ሹፌሩ በየመንገዱ እየቆመ ባይነዳው ግን ይነክስ እንደ ነበር ጽፎ ላከ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ጋሼ እድሪስ ከምሳ በፊት ተፈቱ።

ቀበሌው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ይቅር በሉኝ ልል ሙሉውን ንግግር አጥንቼ ነበር። አላስጀመሩኝም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደ ተራመድን፣

"ትናንት ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

ቁጣ የለበትም። ስለ እንቁላሏ እሾክ የጠየቁኝ ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው።

"ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬም ፈርቼ ነበር።"

ቆሙ። "እንግዲያ ፍርሃቱ እንዳለ ነው ማለት ነው። ሌላ ነገር ነው የተጨመረ። ምንድን ነው?"

አላውቅም አልሁ። ጥሩ፣ ስታገኚው ትነግሪኛለሽ አሉኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

በሚቀጥለው ጉዟችን ላይ ሁለቱን ጀሪካኖች በቀለም ተጽፎባቸው አገኘኋቸው፤ አንዱ ላይ "የሚበላ"፣ ሌላው ላይ "የማይበላ"። በአንድ ወር ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ጀሪካን ሁሉ እንዲሁ ተጻፈበት። የውኃው ጀሪካን ላይ ምን ልጻፍ ብለው አንድ ቀን ሙሉ ሲጨነቁ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። መምህራን ኮሌጁ ፔዳ የሚያስተምረውን ባለቤቴን አገባሁ፤ ጋሼ እድሪስ ጡረታ ወጥተው ወረታ ገቡ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር ግን ገበያም ይሁን ሰርግ ቤት፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ጎንበስ ይሉና "አገኘሽው?" ይሉኛል። "ገና ነኝ፣ ጋሼ" እላለሁ። "አይዞሽ፣ ፈልጊ" ይላሉ። ባለቤቴ ምን ጠፍቶብሽ ነው ይለኝ ነበር። ለእሱም አልነገርሁት። አሁን ሁለቱም የሉም።

ጋሼ እድሪስ፣ መልሱ ጠፍቶኝ አያውቅም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት አውቄው ነበር፤ ያልነገርሁዎ አፍሬ ነው። ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ፣ ዝም ለማለት ቆርጬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ዘወትር የምሄድበት መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ስለ ነበር በቀበሌው በኩል ዞርሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘሃራ የእርስዎን ቁርስ በሰሐን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አወቀችኝ። "እኅቴ፣ አብረሽው ነበርሽ፤ ምን አድርጎ ነው? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። ከዚያን ዕለት በፊትም በኋላም ማንም እንደዚያ ፊት ለፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ምንም ሳልመልስላት ሮጬ ኮሚቴው ጋ ገባሁ። የተጨመረው ይህ ነው። መንገዱ ባይቆፈር ኖሮ በቀጥታ ሄጄ ማይክሮስኮፔ ፊት እቀመጥ ነበር።